የዘውግ ሥዕል ምንድን ነው? ስለ ዮርዳንስ ዘፋኞችና ስለማይኖር ቤተሰብ

ሰሞኑን በአንድ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የያኮብ ዮርዳንስን ሥዕል አየሁ። በጠረጴዛ ዙሪያ የተሰበሰቡ አዛውንት አፋቸውን ከፍተው ይዘፍናሉ፤ አንድ ጎልማሳ ጉንጩን ወጥሮ ባግፓይፕ፣ ማለትም አቁማዳ የመሰለ የአየር ከረጢት ያለውን የትንፋሽ መሣሪያ፣ ይነፋል፤ ልጆቹም የየራሳቸውን መንፊያ አፋቸው ላይ ደቅነዋል። ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ ሠዓሊውን «የፍሌሚሽ ዘውግ ሠዓሊ» ይለውና፣ ሥዕሉ አንድ የአንትወርፕ ቤተሰብ ከእሁድ ምሳ በኋላ ሙዚቃ ሲጫወት የሚያሳይ፣ ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የተነሣ ፎቶግራፍ ነው ሲል ይደመድማል። እንዲህ ያለ መግለጫ ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። ሙያዬ በጥንታዊ የአውሮፓ ሥዕሎች ውስጥ የሚታዩ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ማጥናት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ እንዳላየሁ ካለፍኩት በኋላ ዛሬ ዝም ማለቱ አልሆነልኝም።

በቃሉ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። «ዘውግ» በአማርኛችን ለሁለት ጌቶች ያደረ ቃል ነው፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ልቦለድን ከተውኔት ይለዩበታል፣ ፖለቲከኞች ደግሞ ብሔር ወይም ጎሣ ለማለት ይጠቀሙበታል። በመሆኑም «የፍሌሚሽ ዘውግ ሠዓሊ» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ሠዓሊው ፍሌሚሽ ከሚባል ሕዝብ የተወለደ ነው ከማለት በቀር ሌላ ነገር ባይረዳ አይፈረድበትም። ዮርዳንስ በ1593 በዛሬዋ ቤልጅየም ባለችው በአንትወርፕ ከተማ ተወልዶ በ1678 እዚያው የሞተ ፍሌሚሽ መሆኑ እውነት ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ መግለጫው ሊለው የፈለገው ግን ስለ ትውልዱ ሳይሆን ስለሚሥለው ነገር ዓይነት ነበር። ከመደናገር ለመዳን እኔ ከዚህ በኋላ የፈረንሳይኛውን ቃል እንዳለ ወስጄ «የዣንር ሥዕል» እላለሁ።

ይህ ስም ራሱ ለዮርዳንስ እንግዳ ነው። በ1667 የፈረንሳይ የሥዕል አካዳሚ የሥዕል ዓይነቶችን በማዕረግ ደርድሮ፣ የቅዱሳት መጻሕፍትን፣ የታሪክንና የአፈ ታሪክን ትዕይንት ከላይ፣ አበባን፣ ፍራፍሬንና በድን ዕቃን ከታች ያስቀመጠ አስተሳሰብ ይፋ ሲሆን፣ ዮርዳንስ የሰባ አራት ዓመት አዛውንት ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳዮች «የዣንር ሠዓሊ» ሲሉ ከታሪክ ሠዓሊ በታች ያለውን ሁሉ፣ የእንስሳውንም የአበባውንም የመልክዓ ምድሩንም ሠዓሊ ማለታቸው ነበር፤ ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሥዕል ሐያሲ ዲድሮ በ1760ዎቹ ቃሉን የሚጠቀመው በዚሁ ሰፊ ትርጉሙ ነው። ስም የሌላቸው ሰዎች ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ ሲዘፍኑና ሲጨቃጨቁ የሚታዩበትን ሥዕል ብቻ ወደሚለው ትርጉም የጠበበው ከዚያ ወዲህ ነው። በአንትወርፕ የ17ኛው ምዕተ ዓመት የንብረት መዝገቦች ውስጥ ሥዕሎቹ የሚመዘገቡት በሚያሳዩት ነገር ነው፤ የገበሬ ድግስ፣ ማኅበር፣ ንጉሡ ሲጠጣ እየተባለ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። መዝገበ ቃላት ሁሉ የዣንር ሥዕልን «የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚያሳይ ሥዕል» ብለው ይፈቱታል። ፍቺው ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል፤ ችግሩ «የሚያሳይ» የሚለው ቃል አንባቢን የሚወስድበት መንገድ ነው። አንባቢው ሠዓሊው ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየውን እየቀዳ፣ እኛም በእርሱ ትከሻ ላይ አሻግረን የምናይ ይመስለዋል። የመግለጫው ጸሐፊ የወደቀበት ጉድጓድ ይኸው ነው።

የሠርግ ቪዲዮዎቻችንን አስቡ። ሙሽሮቹ ከአዳራሹ በፊት ወደ አንድ መናፈሻ ይወሰዳሉ፤ ቪዲዮ ቀራጩ ባዘዘው መሠረት ሙሽራው ዛፍ ተደግፎ ወደ ሰማይ ያያል፣ ሙሽሪትም በአበቦች መካከል በዝግታ ትመጣለች፣ ሚዜዎቹ ጥቁር መነጽር አድርገው በአንድ ላይ ይዘላሉ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ይህን ቪዲዮ አግኝቶ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ወጣት ወንዶች ከሰዓት በኋላ ጥቁር መነጽር አድርገው በሣር ላይ መዝለል ልማዳቸው ነበር ብሎ ቢጽፍ ምን እንለዋለን? መነጽሩ እውነተኛ ነው፤ ሣሩም፣ ሱፉም፣ የሙሽሪት ጥልፍም እውነተኛ ነው። ትዕይንቱ ግን የተደረሰ ነው፤ የተደረሰውም ከዚህ በፊት በታዩ መቶ ሌሎች ቪዲዮዎች አምሳል ነው፤ ያን አምሳል ቤተሰቡም ቀድሞ ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋል፣ ቢቀርበት ቅር ይለዋል። የዮርዳንስን ሥዕል የገዛ የአንትወርፕ ነጋዴም እንዲሁ ነበር።

እስቲ ሥዕሉን ቀረብ ብለን እንየው። የማወራው በ1638 ተሥሎ ዛሬ በአንትወርፕ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለሚገኘው ነው። ከላይ በተሣለ ጌጠኛ ሰሌዳ ላይ የፍላንደርስና የሆላንድ ሰዎች የሚያውቁት ተረት ተጽፏል፤ በአማርኛ ሲመለስ «ሽማግሎቹ እንደ ዘፈኑት፣ ልጆቹም እንዲያው ይነፋሉ» ማለት ነው። የሆላንዱ ገጣሚ ያኮብ ካትስ በ1632 ባሳተመው የምሳሌያዊ ሥዕሎች መድበል ውስጥም ይኸው ተረት ይገኛል። የመግለጫው ጸሐፊ ይህን ጽሑፍ ጨርሶ አልጠቀሰውም። ከእኛ ተረቶች የሚቀርበው «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» የሚለው ይመስለኛል፤ የእኛው ስለ ባልንጀራ የሚናገርና ወቀሳ ብቻ የያዘ ሲሆን፣ የእነርሱ ስለ ወላጅና ልጅ ሆኖ ለምስጋናም ለተግሣጽም ያገለግላል። በሁለቱም ውስጥ ነፋስ መኖሩ ግን የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ያስቀኛል።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በተረቱ ግሥ ላይ ነው። «ይነፋሉ» ብዬ የተረጎምኩት የኔዘርላንድኛ ግሥ በዘመኑ ዋሽንት መንፋትንም፣ ማፏጨትንም፣ ባግፓይፕ መንፋትንም፣ ትምባሆ በፒፓ ማጨስንም ሊሸፍን የሚችል ቃል ነበር። እንግዲህ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን መሣሪያዎች ልብ በሉ፦ የልጆቹ መንፊያ፣ የጎልማሳው ባግፓይፕ። ክራር መሰል ባለ ክር መሣሪያ የታለ? ከበሮስ? ሠዓሊው መሣሪያዎቹን የመረጠው በግሡ ነው። አዛውንቱ በአፋቸው ይዘፍናሉ፣ የቀሩት በአፋቸው ይነፋሉ፤ ተረቱ በቃል ያለውን ሥዕሉ በጉንጭና በከንፈር ደገመው።

እንደ ሙዚቃ ቡድን ብንወስደው ደግሞ ጉዱ የባሰ ነው። ባግፓይፕ የሜዳ መሣሪያ ነው፤ በድግስ አደባባይ የመንደር ሰው የሚያስጨፍር፣ ሩቅ እንዲሰማ የተሠራ፣ ከረጢቱ አንዴ ከተሞላ በኋላ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማይቻልበት መሣሪያ። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቢነፋ፣ የአያትየው ዘፈን እንኳን ለሌላው ለራሳቸውም አይሰማቸውም፤ የሕፃኑ ፊሽካማ አይነሣ። ይህን የማነሣው ዮርዳንስን ለመንቀፍ አይደለም። ስለ አንትወርፕ የቤት ውስጥ ሙዚቃ ማስረጃ ፈልጎ ወደዚህ ሥዕል የሚመጣ ሰው፣ ማስረጃውን ካልተዘራበት ማሳ እየለቀመ መሆኑን ለማሳየት ነው።

«ግን እኮ ሰዎቹ እውነተኞች ናቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አዎን፣ ሽማግሌው የዮርዳንስ መምህርና አማት የነበረው የአዳም ፋን ኖርት መልክ አለው ተብሎ ይታመናል፤ ዮርዳንስ የፋን ኖርትን ልጅ ካታሪናን በ1616 አግብቷል። ነገር ግን ይኸው የሽማግሌ ፊት በሌሎች ሥዕሎቹም ውስጥ፣ በሦስቱ ነገሥታት በዓል ማዕድ ላይ ዘውድ ጭኖ ጽዋ የሚያነሣ ንጉሥ ሆኖ ይመጣል። አብርሃም ግራፌውስ የሚባል የሠዓልያን ማኅበር አገልጋይም ነበር፤ ዮርዳንስ በ1620 ገደማ የዚህን ሰው የተሸበሸበ ፊት ከልዩ ልዩ አቅጣጫ አጥንቶ ከሣለ በኋላ፣ ሲያሻው ለሐዋርያ፣ ሲያሻው ለአፈ ታሪክ ፍጡር አውሎታል። ፊት በሠዓሊው ቤት እንደ ካባ የሚወጣና የሚገባ ዕቃ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ የሠርጉ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ ሊቃውንቶቻችን ምሳሌ ዘየሐጽጽ (ከነገሩ የሚያንስ ምሳሌ) የሚሉት ዓይነት ነው። በሠርግ ቪዲዮ ድርጊቱ ቢታዘዝም ሙሽሮቹ የራሳቸው ናቸው፤ በዣንር ሥዕል ግን ሙሽሮቹም የተዋሱ ናቸው። ስለዚህ ምሳሌውን ጥቂት ልለጥጠውና እንዲህ ልበል፦ ቪዲዮ ቀራጩ የራሱን አማት የሙሽራው አባት አድርጎ አስቀምጦ፣ የማኅበሩን ዘበኛ ሽማግሌ አድርጎ፣ ሙሽሮች ሳይኖሩ ሠርግ ቀርጾ፣ ቪዲዮውን ለማያውቀው ሰው ቢሸጥ፣ ገዢውም ሳሎኑ ውስጥ ቢሰቅለው ወደ ነገሩ እንቀርባለን።

የተከራካሪዬ ጠንካራ ማስረጃ ሊሆን የሚችለውን፣ እርሱ ያላነሣውን ነገር እኔ ላንሣለት። በሥዕሉ ውስጥ የሚታየው የዘፈን ወረቀት ላይ ርእሱ ይነበባል፤ «አዲስ መዝሙር ስለ ካሎ» ይላል። ካሎ ከአንትወርፕ አጠገብ፣ ከስኽልደ ወንዝ ማዶ ያለ ስፍራ ነው። በሰኔ 1638 አንትወርፕን ለመያዝ የመጣውን የሆላንድ ጦር አገሩን በስፔን ንጉሥ ስም ያስተዳድር የነበረው የካርዲናል ኢንፋንቴ ፈርዲናንድ ሠራዊት እዚያ ድል አድርጎታል። ሥዕሉ የተሠራውም በዚያው ዓመት ነው። ይህ የጋዜጣ ያህል ትኩስ ወሬ ነው፤ ስለዚህ ከተረቱ በታች አንድ እውነተኛ ቀን ተቀብሯል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚነግረን ሥዕሉን ስለገዛው ሰው ነው፦ በ1638 በአንትወርፕ የሚኖር፣ የድሉ ዘፈን በከተማው ሲዘፈን የሰማ፣ ግድግዳው ላይ ሲያየው ፈገግ የሚል ሰው። ስለ አንድ ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ አይነግረንም። አስገራሚው ነገር ሌላ ነው፤ በካቶሊካዊ ንጉሥ ጦር ድል የሚያዘምር ሥዕል የሠራው ይኸው ሰው የኋላ ኋላ ወደ ካልቪን ወገን ፕሮቴስታንትነት ዞሯል፣ በ1650ዎቹ ነውረኛ የተባለ ጽሑፍ ጽፈሃል ተብሎ መቀጫ ከፍሏል፣ ሲሞትም ፕሮቴስታንት በአንትወርፕ ስለማይቀበር አስከሬኑ ድንበር ተሻግሮ በሆላንድ ግዛት በፑተ መንደር አርፏል። የሥዕሉን ዘፈን የሠዓሊው የልቡ ዘፈን አድርጎ ለመውሰድ የሚቸኩል ሰው ይህችን መቃብር ቢያስታውስ መልካም ነው።

ከፎቶግራፉ ስሕተት የሸሹ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ወዳለው ገደል ሲንደረደሩ አያለሁ። እነዚህኞቹ «ሥዕሉ ሰምና ወርቅ ነው» ይላሉ። ሰምና ወርቅ ለአማርኛ አንባቢ የቀረበ ስለሆነ የሚያጓጓ ማነጻጸሪያ ነው፤ ግን ወርቁ በቅኔ አንድና ቁርጥ ሲሆን፣ ህብረ ቃሉ ከተፈታ በኋላ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። በሥዕል እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ ጉጉት ያየ ሁሉ «ጥበብ» ብሎ ይፈታል፤ ግሪኮች ብለውት ይሆናል፣ በዚያ ዘመን በነበሩት የኔዘርላንድ ሰዎች ዘንድ ግን ጉጉት ብዙ ጊዜ የሞኝና የሰካራም ምልክት ነበር፤ «ጉጉቱ ማየት ካልፈለገ ሻማና መነጽር ምን ይጠቅመዋል» የሚል ተረት አላቸው። በሌላ ሥዕል ደግሞ ሞትን ያስታውሳል፤ በሌላውም ጉጉት ብቻ ነው። ባግፓይፑም እንዲሁ፤ የሆዳምነትና የብልግና ምልክት የሚሆንበት ሥዕል ሞልቷል፤ ይሁን እንጂ ዮርዳንስ ራሱን ባግፓይፕ ነፊ አድርጎ የሣለበት ሥዕል አለ፣ ራሱን ሊሰድብ ብቻ ነው ብሎ ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። የተረቱ ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ትርጉሙ እንዴት እንደሚላወስ ለማየት የሆላንዱን ያን ስቴንን መመልከት ነው። እርሱ በ1660ዎቹ መጨረሻ ገደማ ይኸንኑ ተረት ሲሥል ከግሡ ትርጉሞች መካከል ማጨስን አነሣ፤ እየሳቀ ለልጁ ፒፓ የሚያቀምሰው አባት መልኩ የስቴን የራሱ ነው። ዮርዳንስ ዘንድ ለዋሽንትና ለፊሽካ የሆነው ተረት፣ ስቴን ዘንድ ጭስ ሆነ።

ከሙያዬ የሚመጡ ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችን ባልጠየቃችሁኝም ልጨምር። አንደኛ፣ ግራኝ የሉት (እንደ ክራር በጣት የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ) ተጫዋች አየሁ የሚል ሰው ያየው ሥዕሉን ይሁን የኅትመት ቅጂውን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ቀራጩ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስሉን ሳይገለብጥ ከቀረጸው፣ በወረቀት ላይ ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል። በእንዲህ ያሉ ኅትመቶች ሳቢያ በጽሑፍ ላይ ብቻ የኖሩ ግራኝ ሙዚቀኞች አሉ። ክር በመቁጠርም አትቸኩሉ፤ ሠዓሊው ስድስት ጥንድ ክር ባለበት አምስት መሥመር ቢያሰምር ብሩሹ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ የአንትወርፕ ሠዓልያንን እንደ አላዋቂ መውሰድም ልክ አይደለም። በዚያ ከተማ የክላቭሰን፣ ማለትም ፒያኖ መሰል ባለ ክር መሣሪያ፣ ሠሪዎች ከሠዓልያን ጋር በአንድ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ውስጥ ነበሩ፤ ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል ሣለ የሚለው ትውፊት ለእኛም የታወቀ ነው። የታወቀው መሣሪያ ሠሪ ሃንስ ሩከርስ በ1579 ወደዚሁ ማኅበር የገባ ሲሆን፣ ዮርዳንስም በ1615 ተመዝግቦበታል። መሣሪያውን የሚሠራውና መሣሪያውን የሚሥለው የአንድ ማኅበር ሰዎች ስለነበሩ፣ የአንድ ክፍል ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚታመን ነው፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የፍላንደርስን የጠፋ ባግፓይፕ ዳግመኛ የሠሩ ባለሙያዎች ከአሮጌዎቹ ሥዕሎች ብዙ ተምረዋል። የምቃወመው ከአቁማዳውና ከቀዳዳው ተነሥቶ ወደ ድግሱ መዝለልን ነው።

ስለ ሉት ካነሣሁ አይቀር፣ የአንትወርፑ ቴዎዶር ሮምባውትስ ሉት የሚቃኝ ሰው ሥሏል። ልብ በሉ፣ እየተጫወተ አይደለም፤ እየቃኘ ነው። በ1713 ጀርመናዊው የሙዚቃ ጸሐፊ ማተሶን አንድ ሉት ተጫዋች ሰማንያ ዓመት ከኖረ ስድሳውን በመቃኘት አሳልፏል ብሎ ቀልዷል፤ መሣሪያው ከዘፈን ይልቅ ለመቃኘት የሚመች መሆኑን የሞከረው ያውቃል። ሮምባውትስ የሣለው ቅንብሩ ገና ያልመጣበትን ጊዜ ነው። መቃኘት ለዘመኑ ተመልካች ልክን ማወቅን ሊያስታውስ ይችላል፤ ሰውየው ቅር ያለው ፊት ያለው ሙዚቀኛ መሆኑ ግን በዚህ አይጠፋም። ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፤ ሰምና ወርቅ ባዮቹ የሚያስቸግሩኝ አንደኛውን ካገኙ ሌላውን ስለሚጥሉ ነው።

የዣንር ሥዕል ድንበር ከሥዕለ ገጽ፣ ማለትም የአንድን የታወቀ ሰው መልክ ከሚያሳይ ሥዕል፣ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሠዓሊው በዳቪድ ቴኒርስ ልጅየው (አባቱም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር) ዘንድ ይታያል። ቴኒርስ (ከ1610 እስከ 1690) ገበሬዎች በመጠጥ ቤት ሲጨፍሩና ባግፓይፕ ሲነፋላቸው ደጋግሞ ሥሏል፤ የገዛው ሁሉ ከተሜ ነበር። በ1640ዎቹ አጋማሽ ግን ራሱንና ቤተሰቡን ሲጫወቱ ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ በርሊን ይገኛል። በእጁ ያለው ባግፓይፕ አይደለም፤ ቪዮላ ዳ ጋምባ ነው፣ በጉልበት መካከል ተይዞ እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመታ፣ የጨዋ ሰው ቤት መሣሪያ። ይህኛው ዣንር አይደለም፤ ሥዕለ ገጽ ነው፤ ምክንያቱም ሥዕሉ «ይህ ማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ስም እንዲመልስ ተደርጎ ተሠርቷል። የመጠጥ ቤቱ ነፊ ግን ስሙን ቢጠየቅ ሥዕሉ መልስ የለውም፤ መልስ እንዲኖረውም አልታሰበም። የመግለጫው ጸሐፊ በዮርዳንስ ሥዕል ላይ ማቅረብ የነበረበት ጥያቄ ይህ ነበር። የአማቱ ፊት ስላለበት መልሱ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ግን ተረት እንጂ ስም አይደለም።

ስለዚህ መግለጫውን የሚያርመው ካለ እንዲህ ቢያደርገው እመርጣለሁ። «ዘውግ» ይውጣ። «እሁድ» ይውጣ፣ «ምሳ»ም ይውጣ፤ «ፎቶግራፍ» ከሁሉ በፊት ይውጣ። «ቤተሰብ» የሚለውን በ«ሦስት ትውልድ» መተካት ይበቃል። የቀረው፦ ያኮብ ዮርዳንስ፣ «ሽማግሎቹ እንደ ዘፈኑት፣ ልጆቹም እንዲያው ይነፋሉ»፣ 1638፣ የዘይት ቀለም በሸራ ላይ፣ አንትወርፕ፤ በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ዘፈን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ስለተደረገው የካሎ ድል ነው።